የስድስት ወሩ ቀጠሮ

የስምንት ሳምንት ቡችላዬን ወደ ቤት ባመጣሁት ሰሞን አጥር የምንጋራቸው አዛውንት ብቅ ብለው አዩት። ጎንበስ ብለው ጆሮውን ደባበሱት፤ መዳፉን አንስተው አገላበጡና «ይኼ ትልቅ ነው የሚወጣው» አሉ። ቀጥለውም «ልጄ፣ አሁን ዝም ብለሽ አጫውቺው። ትምህርቱን ስድስት ወር ሲሞላው ታስጀምሪዋለሽ» ብለውኝ ሄዱ። በዚያው ሳምንት ለክትባት ስወስደው ደግሞ የእንስሳት ሐኪሟ ክብደቱን እየመዘገበች፣ ቀና እንኳ ሳትል «ትምህርት ጀመረ?» ስትል ጠየቀችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። እሷ አልሣቀችም።

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከሁለቱ አንዳቸው እንዲሁ የሚያወሩ ቢሆኑ ኖሮ ባልተቸገርኩ። ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሻ ያሳደጉ ሰው ናቸው። አሁን ያለቻቸው አሮጊት ውሻ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ እንኳ «ውጪ» ካላሏት ደፉን አትረግጥም። እንዲህ ያለ ማስረጃ በየቀኑ እያየሁ «የድሮ ሰው ወሬ ነው» ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ሐኪሟም ብትሆን ከመጽሐፍ ብቻ የምታወራ አልመሰለችኝም፤ የቡችላ አያያዟ ራሱ ይመሰክራል። አንዱ ስድስት ወር ይላል፣ ሌላው ስምንት ሳምንት። በመካከል ያለው አራት ወር ለእኔ ምንም ማለት አይደለም፤ ለውሻ ግን ልጅነቱ እንዳለ እሱ ነው።

ወለሉ ላይ የሆነው

ዳማ (ስሙ ነው፤ በቀለሙ አወጣንለት) ጠረጴዛው ላይ ጭራውን ሆዱ ሥር ሸጉጦ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪሟ መርፌውን ከማዘጋጀቷ በፊት አውርዳ ወለሉ ላይ ለቀቀችው። ከኪሷ የጥፍር ጫፍ የሚያካክሉ የሥጋ ቁራሾች አወጣች፤ እጇን ጨበጠችና ቆመች። አንድ ቃል አልተናገረችም።

ዳማ መጀመሪያ ጫማዋን አሸተተ። ከዚያ የጨበጠችውን እጅ ላሰ፣ ገፋ፣ በጥርሱ ሞከረ። ምንም የለም። ሁለት እግሩን ጉልበቷ ላይ አሳርፎ ዘለለ፤ አሁንም ምንም የለም። ግራ ገብቶት ወደ ኋላ ሸሸት አለና ፊቷን ለማየት አንገቱን አቀና። እንዲህ ሽቅብ ለማየት ሲያንጋጥጥ መቀመጫው ሳያስበው መሬት ነካ። በዚያች ቅጽበት «ጎበዝ!» አለችና ቁራሹን አጎረሰችው። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄዳ እንደገና ዝም አለች። ተከተላት፣ ትንሽ አሰበ፣ ተቀመጠ። «ጎበዝ!» ከዚያ በኋላማ ማሰቡም ቀረ። እሷ ወደምትሄድበት ቀድሟት እየሮጠ ደረቱን ነፍቶ ቁጭ ይልላት ጀመር። ይኼ ሁሉ ሲሆን ውጭ ተራ የሚጠብቀው ሰው ወንበሩን እንኳ አላሞቀም ነበር።

መጨረሻ ላይ ብቻ፣ ሊቀመጥ ሲል ቀደም ብላ «ቁጭ በል» ማለት ጀመረች። «መቀመጡንማ ከእናቱ ጋር እያለም ይቀመጥ ነበር» አለችኝ። «እኔ የነገርኩት ሁለት ነገር ነው፤ መቀመጥ እንደሚጠቅመውና እኛ ምን ብለን እንደምንጠራው።» ክትባቱን ስትወጋው ረዳቷ የያዘውን ሥጋ እየላሰ ስለነበር መርፌውን ልብ ያለው አልመሰለኝም።

እኔን የነካኝ ግን መቀመጡ አልነበረም። ሐኪሟ ጀርባዋን ሰጥታ መጻፍ ስትጀምር ዳማ ወደ እኔ መጣ። እግሬ ሥር ደረሰ፣ ቁጭ አለ፣ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። በእጄ ምንም አልያዝኩም፤ ማንም አላዘዘውም። ያቺን አስተያየት እስከ ዛሬ አስባታለሁ። እንደገባኝ ከሆነ እየጠየቀኝ ነበር፦ «አንቺስ ጋ ይሠራል?»

እንዲህ የሚጠይቅ ፍጡር «ገና ምን ያውቃል» ሊባል አይችልም። ደግሞም መጠየቅ የጀመረው ያን ቀን አይደለም፤ ከመጣበት ሰዓት ጀምሮ ሲጠይቅ ነበር። ማታ ሲያለቅስ ሰው ከመኝታው ተነሥቶ መጣ ወይስ አልመጣም? ጫማ ነጥቆ ሲሮጥ ቤተሰቡ ሁሉ ተከትሎት ሮጠ ወይስ ዝም አለው? ሰው ላይ ሲዘል ተደባበሰ ወይስ ፊት ተነሣ? እያንዳንዱ መልስ ነው፤ እያንዳንዱም ይመዘገባል። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» የሚባለው ጦጣዋን ለመውቀስ ነው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ማን አስለመዳት ብዬ ነው የምጠይቀው።

ቡችላ በስምንት ሳምንቱ ሰውን ያነባል የሚለው የእኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስል፦ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ አንድ ጥናት ለአካል ጉዳተኞች ረዳት እንዲሆኑ የሚያድጉ 375 ቡችሎች ተፈትነው ነበር። ዕድሜያቸው ስምንት ሳምንት ግድም ነው። ከሁለት ዕቃ በአንዱ ሥር ምግብ ይደበቃል፣ ሰው በጣቱ ወደ ትክክለኛው ይጠቁማል። ቡችሎቹ በግምት ቢሄዱ ግማሹን ነበር የሚያገኙት፤ እነሱ ግን ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አገኙ። ይበልጥ የሚገርመው ሙከራው ሲደጋገም እየተሻሻሉ አለመምጣታቸው ነው። ገና ከመጀመሪያው ይዘውት የመጡት ችሎታ ነበር ማለት ነው።

ቁጥሩ የማን ነው?

ታዲያ ጎረቤቴ የሚሉት ስድስት ወር ከየት መጣ? አንድ ቀን የእሳቸውን ውሻ እንዴት እንዳሠለጠኗት ጠየቅኋቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ወደ ውስጥ ገቡና ሠንሠለት ይዘው ወጡ፤ ሲጎተት አንገት ላይ የሚጠብቅ፣ ሲለቀቅ የሚላላ ዓይነት። «ይኼን አጥልቀሽ ትሄጃለሽ። ስትቀድምሽ ነጠቅ ታደርጊያታለሽ፤ ጎንሽ ስትመለስ ታላሊያለሽ።» ከዚያ በራሳቸው አፍ ጨመሩበት፦ «ታዲያ ይኼ በሁለት ወር ጨቅላ አንገት ላይ ይደረጋል እንዴ? ግፍ አይደለም?»

ለእኔ ጉዳዩ የተፈታው እዚያ ላይ ነው። ስድስት ወር የአንገቱ ዕድሜ እንጂ የአእምሮው ዕድሜ አልነበረም። መሣሪያው ሠንሠለት ከሆነ፣ መጠበቅ ትክክል ብቻ ሳይሆን ርኅራኄም ነው። ሰውዬው ቡችላ ላይ ጨክነው ሳይሆን አዝነውለት ነው «ቆይ» ያሉኝ።

ይህ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ የአንድ ዘመን አሠራር ነው። ጀርመናዊው ኮንራድ ሞስት እ.ኤ.አ. በ1910 ያሳተመው መመሪያ ለፖሊስና ለጦር ውሻ አሠልጣኞች ለብዙ ዓመታት መንገድ ሆኖ ቆይቷል። ሞስት ውሻን ማሞገስ አያውቅም ነበር ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ገመድና ማስገደድ በሥራው ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበራቸው። ያ ልማድ ከጦር ሠፈር ወጥቶ ወደ ቤት ውሻ ሲመጣ ከሥልጠና ዘዴው ጋር የዕድሜ ልኩም አብሮ መጣ። የዚያ ዘመን የውሻ ትምህርት ቤቶች ስድስት ወር ያልሞላውን አለመቀበላቸው የተለመደ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ደንባር ካሊፎርኒያ ውስጥ ገመድ አልባ የቡችላ ክፍል ሲከፍት ዕድሜውን ዝቅ ማድረግ የቻለው አንገቱን ትቶ አፉን ስለያዘ ነው። ምግብና ጨዋታ የትኛውንም አንገት አይጎዱም።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የምንለው ለሆዱ ያደረን ሰው ለመስደብ ነው። ለውሻው ግን ምን ስድብ አለው? የበላበትን ማወቁ ነው ገና ሳይጠነክር ሊማር የሚችለው። ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው «ሥጋ ባልያዝሽ ቀንስ?» አሉኝ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ይከፈላል። ነገሩን ካወቀው በኋላ አንዳንዴ ይከፈላል፣ አንዳንዴ ይዘለላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ከምግቡ ይልቅ በሩ ይከፈትለታል ወይም ኳሱ ይወረወርለታል። መቼ እንደሚመጣ የማያውቀው ሽልማት ውሻን አያሰንፈውም፤ እንዲያውም ያተጋዋል። በቅጣት በሚያሠለጥኑና በሽልማት በሚያሠለጥኑ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 92 ውሾችን ያወዳደረና እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ዘንድ የጭንቀት ምልክትና ከሥልጠና በኋላ ከፍ ያለ ኮርቲሶል (ሰውነት ሲጨነቅ የሚያመነጨው ሆርሞን) አግኝቷል። እንዲህም ሆኖ የእሳቸው ውሻ ደፉን አትረግጥም፤ ይህን አልክድም። አንድ ነገር ይሠራል ማለት ሌላ መንገድ የለም ማለት አይደለም እንጂ።

እስከ 14ኛው ሳምንት

እዚህ ድረስ የተናገርኩት ቀድሞ መጀመር ይቻላል ነው። ይቻላል ማለትና ያስፈልጋል ማለት ግን ይለያያሉ። እውነቱን ለመናገር «ቁጭ በል» አይቸኩልም። በሦስት ወሩም፣ በሦስት ዓመቱም፣ በዘጠኝ ዓመቱም ይማረዋል። ቀን የማይሰጠው ሌላ ነገር ነው፦ አለመፍራት።

ቡችላ ሲወለድ ዓይኑም ጆሮውም ዝግ ነው። ዓይኑ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ይገለጣል፣ ጆሮው በሦስተኛው። ከዚያ ከሦስተኛው ሳምንት አንሥቶ እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ድረስ ያየውን፣ የሰማውን፣ የረገጠውን ሁሉ «ይኼ የዓለም ነው» ብሎ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር ማለት በመጀመሪያ የሚጠረጠር ነገር ነው። ይህ የታወቀው አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በሚገኝ ቤተ ሙከራ በተሠራና እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ ሙከራ ነው። ቡችሎችን ከእናቶቻቸው ጋር በታጠረ ሜዳ ውስጥ ሰው ሳያዩ አሳደጓቸው፤ ከዚያ አንዳንዶቹን በሁለተኛው፣ ሌሎቹን በሦስተኛው፣ በአምስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በዘጠነኛው ሳምንት እያወጡ ለአንድ ሳምንት ከሰው ጋር አገናኟቸው። እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ሰው ያልነካቸው ግን ሰው ሲቀርባቸው እንደ ዱር አውሬ ነበር የሚሸሹት። ማንም አልመታቸውም። የቀረባቸው ጊዜው ብቻ ነው። ለነዚያ ውሾች ሳስብ ቅር ይለኛል፤ ዛሬ የምናውቀው በእነሱ ኪሳራ ነው።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ከተባለ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ ይህ ጊዜ ከክትባቱ ጊዜ ጋር ልክ መገጣጠሙ ነው። የቡችላ ክትባት ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመርና በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ እየተደገመ ቢያንስ እስከ 16ኛው ሳምንት ይዘልቃል። የሚደጋገምበት ምክንያት ከእናቱ የወሰደው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፍበትና ያ መከላከያ መቼ እንደሚያልቅ ከውጭ አይቶ ማወቅ ስለማይቻል ነው። ፓርቮ የሚባለው ቡችላ ገዳይ የአንጀት በሽታ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ክትባቱ እስኪያልቅ ቤት ዘግቶ ማስቀመጥ ከፓርቮ ያድናል፤ ሲወጣ ግን 14ኛው ሳምንት አልፏል።

በአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መግለጫ ሁለቱን ለማስታረቅ ሞክሯል። ቡችላ ከሰባተኛው ወይም ከስምንተኛው ሳምንት ጀምሮ የቡችላ ክፍል ሊገባ ይችላል ይላል፤ ቢያንስ አንድ ዙር ክትባት ከወሰደ ሰባት ቀን ካለፈውና የመጀመሪያውን የትላትል መድኃኒት ከወሰደ። ምክንያቱንም ሲያስረዳ ሦስት ዓመት ያልሞላቸውን ውሾች ከተላላፊ በሽታ ይልቅ የሚገድላቸው የጠባይ ችግር ነው ይላል። የሚናከስና የሚሸበር ውሻ ባለቤቱ ይተወዋል፣ የተተወው ደግሞ መጨረሻው ይታወቃል።

እኔና ዳማ ያደረግነው ይህንን ነው፦ መሬት ሳይነካ ወጣን። በክንዴ ታቅፌው ከተከፈተ ጃንጥላ አጠገብ፣ በክራንች ከሚሄድ ሰው አጠገብ፣ ሞተር ብስክሌት ከሚነሣበት ትንሽ ራቅ ብለን እንቆማለን። ቤት ውስጥ ደግሞ የሚንሸራተት ወለል፣ የሚንኮሻኮሽ ፕላስቲክ፣ የወደቀ ድስት ክዳን አለ። አዲስ ነገር ባየ ቁጥር ቁራሽ ይጎርሳል፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። ዓይኔ ግን እሱ ላይ ነው። ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ሳይደክመው ካዛጋ፣ ፊቱን ካዞረ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚወደውን ሥጋ እምቢ ካለ፣ ቀርበናል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ እንመለሳለን። ቡችላን ሰው መሀል ወስዶ ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፉ «እያላመድኩት ነው» ማለት አለ። እሱ ማላመድ ሳይሆን ማስበርገግ ነው፤ ያውም በስምንተኛና በአሥረኛው ሳምንት መካከል ብዙ ቡችሎች በተለይ ደንጋጭ በሚሆኑበት ሰሞን።

ከትእዛዞቹ ሁሉ «ና»

በዚህ መሀል ትእዛዝ ይማራል? ይማራል፤ በጨዋታ መሀል፣ ከሦስትና ከአምስት ደቂቃ ሳይበልጥ። የዚህ ዕድሜ ቡችላ ከቀኑ ውስጥ እስከ 18 እና 20 ሰዓት ይተኛል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ትምህርት የሚሰጠው ሰው የሚያስተምረው ለተኛ ነው። ስለ መጸዳጃ ብዙ አልናገርም፦ ሲነቃ፣ ሲበላ፣ ጨዋታ ሲያበቃ ወደ ውጭ ይወሰዳል፣ እዚያው እንደጨረሰ ይሸለማል፤ ቤት ውስጥ ካደረገው ጠርጎ ዝም ነው። አፍንጫውን በሽንቱ ማሸት የሚያስተምረው ሰው ባለበት አለመሽናትን ብቻ ነው። ንክሻውም እንደዚያው፤ 28ቱ የወተት ጥርሶቹ እንደ መርፌ ናቸው፣ ቆዳ ሲያገኙ ጨዋታው ይቆማል፣ ሰውየው ተነሥቶ ይሄዳል። ወንድሞቹም ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው።

«ና» ላይ ግን መቆም እፈልጋለሁ። ውሻን ከመኪና ጎማ የሚያወጣው «ቁጭ በል» ሳይሆን ይኼ ቃል ነው። እና ለማስተማር ከሁለት እስከ አራት ወር ያለውን ጊዜ የሚያክል ዕድሜ የለም፤ ምክንያቱም ቡችላ በዚያ ዕድሜው ብቻውን መቅረት ስለማይወድ በተፈጥሮው ይከተላል። ጀርባ ሰጥቶ መሮጥ ነው። ይመጣል። ሲመጣ «ና» ይባላል፣ ይጎርሳል፣ ወዲያው ወደ ጨዋታው ይለቀቃል። መለቀቁ ከመጉረሱ እኩል ዋጋ አለው። ሰው ሲጠራው ሁልጊዜ ጨዋታ የሚያልቅበት ከሆነ መጥራት ማለት ለእሱ «አበቃ» ማለት ይሆናል።

እዚህ ላይ ሥርዓት አውጥተናል። ዳማን ጥፍሩን ለመቁረጥ፣ ለማጠብ፣ መድኃኒት ለመስጠት፣ ለመቆጣትም ቢሆን ማንም «ና» ብሎ አይጠራውም። ሄዶ ያመጣዋል። እንደማይመጣ የምናውቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ አጥንት እየቆረጠመ ከሆነ፣ አንጠራውም። ባልተመለሰ ቁጥር ቃሉ ይረክሳል፤ «ና፣ ና፣ ና እንጂ፣ ና ብዬሃለሁ!» ተብሎ የተጠራ ቡችላ የተማረው አምስተኛው ላይ መምጣትን ነው። ቤት ውስጥ ካሉት ሰዎች ይህን ማስለመድ ከቡችላው በላይ አድካሚ ነበር። ቡችላው ቢያንስ በሥጋ ይሸነፋል።

ሌላም የማይጠበቅ ነገር አለ፦ ሳሎን ውስጥ የተማረውን ውጭ ላይ አያውቀውም። እልኸኝነት አይደለም። ለእሱ «ቁጭ በል» ማለት ምንጣፉ ላይ፣ እኔ ቆሜ፣ ቀኝ እጄን ሳነሣ የሚሆን ነገር ነው። ምንጣፉ ሲጠፋ ጥያቄው ሌላ ነው። በየቦታው ከዜሮ እየጀመሩ ነው አንድ ትእዛዝ አንድ የሚሆነው። ለረጅም ጊዜ «ቆይ» ተብሎ እንዲጠብቅ መጠየቅ ደግሞ ጨርሶ ለዚህ ዕድሜ አይደለም። በስልክ የምናያቸው የሦስት ወር ቡችሎች አሥር ትእዛዝ ደርድረው ሲፈጽሙ ደስ ይላሉ፤ ግን ከእነዚያ አሥር ይልቅ ጥርሱን ሲያሳዩት፣ ጆሮውን ሲገልጡት፣ እግሩን ሲይዙት ዘና የሚል ቡችላ ቢሰጡኝ እመርጣለሁ። ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ውሻ ያለው ሰው ይገባዋል።

ስምንተኛው ወር ሲመጣ

ቀድሞ የጀመረ ሰው በአምስተኛው ወር አካባቢ ይኮራል። ሲጠሩት ይመጣል፣ ገመዱን አይጎትትም፣ እንግዳ ሲመጣ ይቀመጣል። ከዚያ ሁሉም ነገር የጠፋ ይመስላል። ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ተደግፈው «አላልኩሽም? ቢቀርበትስ ኖሮ» አሉኝ አንድ ቀን ዳማ እየሰማኝ ሲያልፈኝ አይተው። ክርክሩን ያሸነፉ መስሏቸው ነበር፤ ለአንድ አፍታ እኔም መስሎኝ ነበር።

ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ በሚገኙ ተመራማሪዎች መሪነት እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ይህንኑ ለክቷል። ለዓይነ ስውራን መሪነት የሚያድጉ ውሾች በአምስት ወራቸውና በስምንት ወራቸው «ቁጭ በል» ሲባሉ ታዩ። በስምንት ወራቸው ለአሳዳጊያቸው የመታዘዛቸው ነገር ቀነሰ። ያው ትእዛዝ ከማያውቁት ሰው ሲመጣ ግን አልቀነሰም። ይህን ሳነብ ሣቅ አመለጠኝ፤ ጎረምሳ የወለደ ሁሉ ያውቀዋል። ትምህርቱ አልጠፋም፤ ያለው ለውጥ ከእኛ ጋር ባለው ነገር ላይ ነው። ደግሞ ያልፋል፤ በዚያው ጥናት ውሾቹ በ12 ወራቸው ተሻሽለው ተገኝተዋል።

አሁን እንግዲህ «ስድስት ወር ሲሞላው» የሚለውን ምክር ከዚህ ጋር አስተያዩት። በስድስት ወር የሚጀምር ሰው አዲስ ቃል ማስተማር የሚጀምረው ውሻው ለመስማት ፈቃዱ በሚቀንስበት ዋዜማ ላይ ነው። ሰውነቱ ጠንክሯል፣ 42ቱ ቋሚ ጥርሶች ወጥተው አልቀዋል ወይም ሊያልቁ ነው፣ አፍንጫው ከጓሮው አልፎ ስለ መንደሩ ሁሉ ነግሮታል። ያኔ ሠንሠለት ቢያስፈልግ ምን ይገርማል? በዘገየ ቁጥር ገመዱ ይወፍራል።

ዘግይቶ ያገኘው ሰው ግን ተስፋ ይቁረጥ አልልም። ትልቅ ውሻ ትእዛዝ ለመማር ከቡችላ እንዲያውም ይቀላል፤ ትኩረቱ ይረዝማል፣ ሽንቱን ይቋጥራል። የሚከብደው ፍርሃቱ ነው፤ እሱ በርቀትና በትዕግሥት ይሠራል፣ አንዳንዱም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ሰውን በሚፈራ ውሻ ላይ «ቁጭ በል» ብሎ መጀመር ቅደም ተከተሉን መሳት ነው፤ በመጀመሪያ የሚያስፈራው ነገር ምን ያህል ሲርቅ ሥጋ ሊበላ እንደሚችል መለካት ይቀድማል።

ዳማ አሁን ስምንተኛ ወሩን ይዟል። አሥር ሜትር የሚሆን ረጅም ገመድ ደረቱ ላይ ካለው ማሰሪያ ተያይዞ መሬት ለመሬት ይጎተታል፤ ጫፉ እኔ ጋ ነው። ኪሴም እንደ ቡችላነቱ ሰሞን እንደገና ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ትናንት አጥሩ ሥር ድመት አየ። «ና» አልኩት። ዘወር ብሎ አየኝ፣ ወደ ድመቷ አየ፣ እንደገና እኔን አየኝ፤ እውነት ሲያሰላ ነበር። ድመቷን መረጠ። ገመዱን ሳልነጥቅ ረገጥኩት፤ አጥሩ ላይ ያሉት ሰውዬም ምንም ሳይሉ ሳላቸውን ሳሉ።